መቅደስን የገደላት ቅዝቃዜው አይደለም

ስልኩ ሲደወል የአራተኛ ክፍል ልጆች የጻፉትን ድርሰት እያረምሁ ነበር። ደዋዩ የታናሽ እኅቴ የመቅደስ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነው። «መምህርት ካሣነሽ፣ መቅደስን ትንሽ አሟት ነበርና ቢመጡ» አለኝ። «ትንሽ» ሲል ድምፁ ተሰበረ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት በስልክ «ሞተ» አይባልም፤ «አሞታል» ይባላል። የሚሰማው ሰው ግን ከአነጋገሩ ያውቀዋል። እኔም አወቅሁ። ደብተሮቹን ደርድሬ ለጎረቤት ክፍል አስተማሪ ሰጠሁና ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ። ለምን ደብተር ስደረድር እንደ ቆየሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከማስተምርበት ከንፋስ መውጫ እርሷ ወደምትሠራበት ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የከተማዋንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ስደርስ መቅደስ በራሷ ነጠላ ተሸፍና በግቢው ዋንዛ ጥላ ሥር ተጋድማለች። ኃላፊዋ ሥዩም ወደ እኔ መጣና «እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ልቧ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ከእርሱ ኋላ ዋለ የሚባል፣ ከዚያ ቀን በፊት የማውቀው ገበሬ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አየኝና ተነሣ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ሲከፍት ሥዩም ክንዱን ይዞ «ና፣ ውኃ ጠጣ» እያለ ወሰደው።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በቀን ሁለት ዳገት በእግሯ የምትወጣ ሴት ናት። ልቧን አሟት አያውቅም።

ያን ሰዓት ያልሁትን በኋላ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን እኅቴ ማን እንደ ነበረች መናገር አለብኝ፤ ከሞተች ወዲህ በየገበያው ስለ እርሷ የሚወራው ወሬ የሌላ ሴት ነውና።

መቅደስ ላም አዳቃይ ነበረች። የተመረጠ ኮርማ አባለዘር በቀጫጭን ቱቦ ተሞልቶ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚባል እጅግ ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ተነክሮ ከባሕር ዳር ይመጣላታል። እርሷ ከትልቁ ዕቃ ወደ ትንሹ ትቀዳና፣ ላም ኮርማ ፈለገች ተብሎ ወደተጠራችበት ቀበሌ ይዛው ትሄዳለች። ገበሬው ያንን ዕቃ «ጋን» ይለዋል። ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጭስ ይተናል፣ ውስጡ ይንተከተካል፤ ቅዝቃዜው ግን ቆዳ ሲነካ እንደ ፍም ያቃጥላል። «ያለ እሳት የሚፈላ ጋን» ብለው ስም አወጡለት።

በመጀመሪያው ዓመት መሳቂያ አደረጓት። በጉና ተራራ ግርጌ ባለ አንድ መንደር ጓዴ የሚባል ቀልደኛ ሰው አለ፤ ዛሬም አለ። በረቱ አጠገብ ቆሞ «ኑ እዩ! ዘንድሮ ኮርማው በቀሚስ መጣ!» እያለ ሰው ሰበሰበባት። እርሷ የላሟን ጭራ ወደ ጎን ይዛ፣ ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻዋ እየሳበች፣ ቀና ሳትል መለሰችለት።

«ኮርማ ሲመጣ ድርቆሽ ያቀርቡለት ነበር አይደል፣ አያ ጓዴ? እኔ ድርቆሽ አልበላም። ጠላ አስቀዱልኝ።»

ጠላው ተቀዳላት። ላሟም አረገዘች። ከዚያ በኋላ እርሷን የሚጠራት ጓዴ ራሱ ሆነ።

አንድ ጠባይ ነበራት። ሰው ሲጠይቃት «ይህ አይገባችሁም» ብላ አታውቅም። አባታችን ሲሞት ገና ልጅ ነበረች፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልብስ እጥፍ ነበር። ያነበበችውን ለእኔ ካልነገረችኝ የገባት አይመስላትም። «እታለም፣ ገብቶሻል?» ትለኛለች። ካልገባኝ በሌላ መንገድ ትሞክራለች፤ ያም ካልሆነ ሽሮውንም አመዱንም ይዛ ትመጣለች። አድጋም ያው ነበረች። ገበሬ ላሙን አስዳቅሎ ዝም ብሎ እንዲሄድ አትፈቅድም፤ በጋኑ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ለምን እንደማይበላሽ ታስረዳዋለች። በዚህም ነው ዋለን ያን ያህል ያስደነቀችው። ላሙ በወለደች ጊዜ «የዚህች ጥጃ አባት ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው» አለችው። ዋለ ይህን ለመንደሩ ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

ባለፈው ጥር የዋለ ልጅ ሞተ። ሚሊዮን ይባላል፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተቀምጦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይማር ነበር። ለጥምቀት ሲመጣ ትኩሳት ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን ማለዳ አረፈ። እኔ የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ስለ ነበርሁ ከመቅደስ ጋር በሣልስቱ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። የአጥቢያው የቅኔ መምህር መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጓዴም አለ። ዋለ እኛ ስንገባ ቀና አላለም ነበር። ከተቀመጥን ቆይተን ድንገት ስሟን ጠራ።

«መቅደስ። ያች ጥጃ አባቷ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው ያልሽኝ?»

«አምስት፣ ጋሽ ዋለ።»

«አምስት። ኮርማው አፈር ከሆነ በአምስት ዓመቱ ልጅ ወለደ። በዚያ በጋንሽ።»

«አዎ።»

«እኔ ልጄ ማለዳ ሞተ፣ በስድስት ሰዓት አፈር አለበስሁት። አንቺ ጋንሽን ይዘሽ ከወንዝ ማዶ ነበርሽ። ልኬ አላስጠራሁሽም!» ድምፁ ከፍ አለ። «የወንድሜ ልጅ በስልኩ አሳይቶኛል። ፈረንጆች ሬሳ አይቀብሩም። እንዲህ ባለ ጋን ያስቀምጡታል። መድኃኒቱ የተገኘ ቀን ይቀሰቅሱታል። ጋኑ ያንቺ ጋን ነው፤ ትልቅ መሆኑ ነው እንጂ ጭሱም አንድ ነው። ንገሪኝ እስኪ። ልጄን ቸኩዬ ነው የቀበርሁት?»

አንዲት ሴት «ኧረ በወላዲቷ» አለች። መቅደስ «የለም» ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። እኔ በእርሷ ቦታ ብሆን ያን አደርግ ነበር። እርሷ ግን ከወንበሯ ወርዳ እርሱ የተቀመጠበት ቁርበት ላይ፣ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ያዩት እውነት ነው። የሚያደርጉት አሉ። እስከ ዛሬ የተቀሰቀሰ ግን አንድም ሰው የለም። ለምን እንደ ሆነ ልንገርዎትና ራስዎ ይፍረዱ። ኅዳር ላይ ባቄላዎን ውርጭ መታው አይደል?»

«መታው።»

«ማለዳ ሲያዩት እንዴት ነበር?»

«ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነጭ ሆኗል እንጂ ደኅና ነው ብዬ ነበር።»

«ፀሐይ ሲያገኘውስ?»

«የተቀቀለ ጎመን!» አለ ጓዴ ከወዲያ። «የእኔም፣ የጎረቤቴም። ቁልቁል ተዘረፈጠ።»

«ለምን ይመስላችኋል?» አለች መቅደስ። «ባቄላ ውስጡ ውኃ ነው። ውኃው በዓይን በማይታዩ ትንንሽ ከረጢቶች ነው የተያዘው። ውኃ ሲቀዘቅዝ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ደግሞ ጫፍ አለው፣ እንደ አጋም እሾህ ነው። በየከረጢቱ ውስጥና ዙሪያ እሾህ ይበቅልበታል። እሾሁ እስካለ ባቄላው የቆመ ይመስላል። ሲቀልጥ ግን የተበሳው ሁሉ ያፈስሳል። ሰውም አብዛኛው ውኃ ነው። ሰው ዝም ብሎ ቢቀዘቅዝ የባቄላው ነገር ነው የሚደርስበት።»

«ታዲያ ያንቺን የኮርማ ዘር ለምን አይወጋውም?» አሉ መሪጌታ። እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተዋል፤ ክርክር ሲወዱ እንዲህ ናቸው።

«መድኃኒት ይገባበታል መሪጌታ። የእንቁላል አስኳል አለ፤ ግሊሰሪን የሚባል እንደ ማር የወፈረ ነገር አለ። እሾሁ እንዳይበረታ ያደርገዋል። ዘሩ ደግሞ ከብናኝ ያንሳል፤ መድኃኒቱ ሁሉንም ወዲያው ያገኘዋል። እንዲያም ሆኖ ግማሹ ይሞታል። ላሟ አንድ ነው የምትፈልገው፤ ስለዚህ ሞቱ አይታወቅም። ፈረንጆቹ የሚያደርጉት ከዚህ ያልፋል። ሰውየው ሲሞት ደሙን አውጥተው በምትኩ በጣም የወፈረ መድኃኒት በደም ሥሩ ይለቁበታል። ከዚያ ያቀዘቅዙታል። መድኃኒቱ በደንብ የደረሰበት ቦታ በረዶ አይሠራም። እየወፈረ፣ እየወፈረ ይሄድና ባለበት ቀጥ ይላል። እንደ ብርጭቆ ይሆናል።»

«ብርጭቆ!» አለ ጓዴ። «ሰውየው?»

መቅደስ ተነሥታ ወጣች። ተናዳ የሄደች የመሰላቸው ነበሩ። ስትመለስ ከደጁ ግራር የላጠችውን ጠጣር ሙጫ በመዳፏ ይዛለች። በሌላው እጇ ከሴቶቹ የተቀበለችው ጨው አለ።

«ጨው በውኃ ሟሙቶ ሲደርቅ ምን ይሆናል? ተመልሶ ቅንጣት ይሆናል። ቅንጣቱ ጠርዝ አለው። በረዶ እንዲህ ነው። ይህ ሙጫ ደግሞ ከዛፉ ሲወጣ ውኃ ነበር። አሁን ድንጋይ ነው። ቅንጣት አለው?»

ዋለ ተቀብሎ በጣቱ አሻሸው። «የለውም። ልሙጥ ነው።»

«ቅንጣት ሳይሠራ፣ ፍሰቱ ብቻ ቆመ። ሙጫው የጠጠረው ደርቆ ነው፣ የእነርሱ የሚጠጥረው በብርድ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው። አሁን ወደ ብርሃን ያድርጉት። ውስጡ ምን አለ?»

«ጉንዳን።»

«እግሯን ይቁጠሩልኝ።»

ጓዴ በዋለ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ቆጠረ። «…አምስት፣ ስድስት! አልጎደለም። ቀንዷም አለ። ጉድ እኮ ነው፣ አሁን የሞተች ነው የምትመስለው።»

«ትሄዳለች?»

ዋለ ሙጫውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና «አትሄድም» አለ።

«አትሄድም። ብርጭቆ ማድረግ ማለት ይኸው ነው ጋሽ ዋለ። መልኳን ይጠብቃል፤ እስትንፋሷን አይመልስም። እነዚያም ሰዎች ቢሆኑ ‹እናስነሣለን› አይሉም፤ ‹አንድ ቀን ብልሃት ይገኝ ይሆናል› ነው የሚሉት። የሚያወፍረው መድኃኒት ራሱ መርዝነት አለው። ሰው ትልቅ ስለ ሆነ ሁሉም ጋ እኩል አይደርስም። የሞቀ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ፣ ያ ሰውም ከመቀዝቀዙ ብዛት ውስጡ ይሰነጠቃል። መልሶ ማሞቁንም የቻለበት የለም። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ፣ ወደ ጋኑ የሚገባው የሞተ ሰው ነው። እኔ የምይዘው ዘር ኮርማው ቆሞ ሳለ በሕይወት የተወሰደ ነው። የሞተ ዘር ቢያመጡልኝ ከዚያ ጋን ጥጃ አይወጣም።»

ዋለ ሙጫውን መለሰላት። «እንግዲያ በጊዜው ነው የቀበርሁት።»

«በጊዜው ነው የቀበሩት።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ሚስቱ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ልጁ ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣውም ነበር።

ሲረጋጋ ጓዴ «እኔ ግን ስሞት ይህን ሙጫ ቀብታችሁ አጥሬ ላይ አቁሙኝ፤ ጅብ እጠብቃለሁ» አለ።

«አንተን በሕይወትህ ያልፈራህ ጅብ» አሉ መሪጌታ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረስቶ ተሳቀ። ከዚያ መሪጌታ ወደ መቅደስ ዞረው «እኛስ ትንሣኤ ሙታንን ያለ ጋን ነው ተስፋ የምናደርገው፣ ልጄ» አሏት።

«እኔም መሪጌታ። እርሱ የእርስዎ ክፍል ነው፣ የእኔ ላም ነው።»

ይህ ሁሉ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ቃል በቃል የጻፍሁት ስለዚህ ነው። አንድ ሰው የልጁን መቃብር በዓይነ ሕሊናው ሲቆፍር ስታይ ወርዳ ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ናት። ወሬው በሁለተኛው ሳምንት አርብ ገበያ ሲደርስ ግን «መቅደስ ሬሳ በሙጫ ቀብታ ልታስቀምጥ ነው» ሆኗል። እርሷ ሰምታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ዝም ግን አልሁ።

አሁን ወደ ሞተችበት ክፍል እመጣለሁ።

ናይትሮጅኑ የሚቀመጠው ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ የጭቃ ክፍል ነው። አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት ነበራት። መንገድ ሲዘጋ ናይትሮጅን ከባሕር ዳር በሰዓቱ አይመጣም፤ ያለው ደግሞ በየቀኑ እየተነነ ይቀንሳል፤ ካለቀ ዘሩ ሁሉ ይሞታል። ሥዩም በዚህ ተጨነቀ። መጨነቁ ጥፋት አይደለም። መፍትሔ ያለውን ግን ከቤቱ አመጣው። ጠላ ሲጠመቅ ጋኑ እንዳይተነፍስ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ እርሱም «እንዳይተን» ብሎ መስኮቱን በጭቃና በጭድ አስመረገው። በበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጆንያ አስጠቀጠቀው። ሥራው ያለቀ ቀን ግንበኛውን አመስግኖ ሸኘ።

መቅደስ የዚያኑ ቀን ነገረችው። ናይትሮጅኑን የሚጠብቀው የዕቃው ግድግዳ ነው እንጂ የክፍሉ አይደለም አለችው። አንድ ሊትር ሲተን ወደ ሰባት መቶ ሊትር አየር ይሆናል፤ ያ አየር መርዝ አይደለም፣ ግን የምንተነፍሰውን ገፍቶ ያስወጣል። አይሸትም። አያስልም። ጭሱ ከጠፋ በኋላም ክፍሉን ሞልቶ ይቆያል። ሰው እያዞረኝ ነው ሳይል ይወድቃል። ይህን ሁሉ ባቄላውን ባስረዳችበት አፍ አስረዳችው። ሦስት ማመልከቻም ጻፈች፤ ቅጂዎቹ በቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ፣ አሁን በእኔ እጅ ናቸው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «መስኮቱ እስኪከፈት በሩን ክፍት አድርጌ እንድሠራ ይፈቀድልኝ።»

መልሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። በሩን ክፍት እያደረገች የመንግሥትን ናይትሮጅን ስለምታባክን፣ ከእንግዲህ ብትደግመው እርምጃ ይወሰዳል ይላል። ቀኑ ከሞተችበት ቀን ስድስት ቀን ይቀድማል። እርሱም በእጄ ነው።

የዚያን ቀን የሆነውን የነገረኝ ዋለ ነው። ላሙ ኮርማ ፈልጋ መቅደስን ሊጠራ መጣ። ከባሕር ዳር አዲስ ናይትሮጅን ደርሶ ነበርና ከትልቁ ወደ ትንሹ እየቀዳች ነው ተባለ። ሥዩም በረንዳው ላይ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል። በሩ ዝግ ነው። ሌላ ጊዜ ድንጋይ አስደግፋ ትከፍተው ነበር። ዋለ ጠበቀ። ቢጠራት አልመለሰችም። ከፍቶ ሲገባ ወለሉ ላይ በደረቷ ተደፍታ አገኛት። ሊያነሣት ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ከዳው። በክንዷ ይዞ እየጎተተ በደጁ ላይ አብሯት ወደቀ። እርሱ ነቃ። እርሷ አልነቃችም።

ስደርስ ራሱን ይዞ የተቀመጠው ለዚህ ነበር። ሊነግረኝም የፈለገው ይህን ነበር።

አንድ ፖሊስ መጥቶ «አስከሬኑ ባሕር ዳር ሄዶ ይመርመር?» ብሎ ጠየቀኝ። አስከሬን ሳይቀበር አያድርም፤ እኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው። እኅቴ በመኪና ተጭና፣ ሰው እየቀደዳት፣ በባዕድ ከተማ ስታድር ታየኝ። ሥዩምም ከጎኔ ሆኖ «ምን ያደርጋል መምህርት፣ አያንገላቷት» አለኝ። «አይመርመር» አልሁ። ፈረምሁ። በአሥር ሰዓት ቀበርናት። ያቺን ፊርማ የማይረሳልኝ ሥዩም ብቻ አይደለም።

ገና ሣልስቷ ሳይደርስ ወሬው ተነሣ። ሙት አቀዝቅዤ አስነሣለሁ ስላለች እግዚአብሔር ቀሠፋት። በጋኑ ውስጥ ያለው ነገር አነቃት። ብርዱ ልቧን ጨበጠው። መሥሪያ ቤቱ ወሬውን አላስነሣውም ይሆናል፤ ግን አንድ ቀንም አላስተባበለውም። ለምን ያስተባብላል? ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ መስኮቱን የሚያይ የለም።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ለምኜ አላውቅም። በአርባዋ ቀን ራሳቸው ተነሡ። «ያን ቀን ዋለ ቤት ነበርሁ» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። «ይህች ልጅ ሙት ይነሣል አላለችም። ጋኑ ሙት አያስነሣም ነው ያለችው። ከእናንተ መካከል ሬሳ ልታስቀምጥ ነበር የሚል ካለ፣ ሐሰት ተናግሯልና መጥቶ ንስሐ ይግባ።» ጓዴ ከኋላ «እኔም ምስክር ነኝ፤ የጉንዳኗን እግር የቆጠርሁት እኔ ነኝ!» አለ። የሳቀም የለም። ሰው ሰማቸው፤ ድግሱን በልቶ ሄደ። በቀጣዩ አርብ ገበያ ላይ ወሬው እንደ ነበረ ነበር።

ከአርባው በኋላ ከዋለ ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የሞቷ ምክንያት ተብሎ የተጻፈው እንዲታረምና ክፍሉ እንዲከፈት። ሥዩም ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። አክባሪ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም።

«መስኮቱን ለምን አስመረጉት?» አልሁት።

«እንዳይተን ነዋ መምህርት። እርስዎስ ጠላ ሲጠምቁ ጋኑን ከፍተው ይተዉታል?»

«ጋኑን ነው የምመርገው። ቤቱን አልመርግም። ልጆቼን ውስጡ አስቀምጬም አልመርግም።»

ሥዩም ፋይሉን ከፈተ። «እዚህ ድንገተኛ ሕመም ነው የሚለው። ሌላ ለመጻፍ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልገኛል። ምርመራውን አልፈልግም ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ማስረጃ ነኝ» አለ ዋለ። «ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«አያ ዋለ፣ አንተ ገበሬ ነህ። ሐኪም አይደለህም።»

«ሐኪም አይደለሁም። መተንፈስ ግን ሃምሳ ሦስት ዓመት ተንፍሻለሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሚተነፈስ ነገር አልነበረም። ካላመንህ ተነሣ፤ ሲቀዳ እንግባና በሩን ልዝጋልህ።»

ሥዩም ጥበቃውን ጠራ። ዋለን አስወጡት። እኔም አራተኛውን ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሦስቱን የእርሷን አባሪ አድርጌ፣ የማስጠንቀቂያውንም ደብዳቤ ቅጂ ጨምሬ። ሌላ አንድ ቅጂ ከእርሱ በላይ ላለው ክፍል ላክሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። እስከ ዛሬ ግን ጭቃ ሲቦካ ሳይ መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ። ሰው የሚሞትበትን ነገር በማያውቅ ሰው ላይ መቆጣት ከባድ ነው። የተነገረው፣ በጽሑፍ ሦስት ጊዜ የተነገረው ሰው ላይ ግን መቆጣት ከባድ አይደለም።

ባለፈው ወር በእርሷ ቦታ ከስማዳ የተዛወረ ቻላቸው የሚባል አዳቃይ መጣ። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ራሴ ሄጄ ነገርሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። «አውቃለሁ እትዬ፣ በስልጠና ተምረነዋል» አለኝ። «በሩን ከፍቼ ነው የምቀዳው።»

«ሁልጊዜ?»

ወደ በረንዳው ዞር ብሎ አየ። «አለቃ በሌለ ጊዜ» አለኝ።

ማመልከቻው ከገባ አራት ወር ሆኖታል። መልስ አልመጣም። በፋይሏ ላይ የሞቷ ምክንያት ዛሬም «ድንገተኛ ሕመም» ይላል። መስኮቱ አልተከፈተም።